የአንዲት ቅጠል ዘላይ ስም

አንድ ፍጥረት ከሰው ማሳ ሳይወጣ እየኖረ ስም ሳይወጣለት ስንት ዘመን ሊቆይ እንደሚችል ለማወቅ የሚሻ ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢወርድ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን መርሳን ያገኛል። ከከተማይቱም ወጣ ብሎ በመስኖ በሚለማው እርሻ ዳር ጥቂት ቢራመድ፣ በየእርምጃው ፊት ከሣሩ እንደ እሳት ፍንጣሪ ብድግ ብድግ እያሉ የሚበተኑ ደቃቅ ነፍሳት ያያል። አካላቸው ከጤፍ ፍሬ ይበልጣል፤ ከስንዴ ፍሬ ግን ያንሳል። አንዳንዶቹ አረንጓዴ፣ አንዳንዶቹ ቢጫ፣ ሌሎቹም የደረቀ ቅጠል የመሰሉ ናቸው። ስማቸው ማን ነው ብለን የጠየቅነው ሰው ሁሉ እኵሌታው ትንኝ ናት፣ እኵሌታው የፌንጣ ግልገል ናት፣ የቀረውም «ኧረ እሷ ምንም አይደለችም» እያለ መልሶልናል።

ትንኝም የፌንጣ ግልገልም አይደለችም። ፌንጣ ቅጠል ቆርጣ ታኝካለች፤ ይህች ግን ጥርስ የላትም፣ ወግታ ትመጣለች። የቅርብ ዘመዷ በበጋ ከዛፍ ላይ ሆና ጆሮ እስኪደነቍር የምትጮኸው ሲካዳ ናት። ሊቃውንቱ ቤተ ሰቧን ሲካዴሊዴ ይሉታል፤ በዚህም ቤተ ሰብ ውስጥ እስካሁን ከሃያ ሺሕ የሚበልጡ ዝርያዎች ተገልጸው ስም ተሰጥቷቸዋል። የጥጥ እርሻ ሠራተኞች አንደኛዋን «ጃሲድ» ብለው ያውቋታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ቅጠል ዘላይ እያልን እንጠራታለን፤ የተሻለ ስም ያለው አንባቢ ቢኖር ስሙን በደስታ እንቀበላለን።

እኛ የነፍሳት ሊቅ አይደለንም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ፈጽመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ሥራ ስንኖር ዐሥር ዓመት አልፎናል። ደብዳቤ ተቀብሎ ቍጥር መስጠትና ዋናውን ከግልባጩ ለይቶ በፋይሉ ማስቀመጥ የዕለት እንጀራችን ስለ ሆነ ይሆናል፣ ነገር ሁሉ ስምና ቦታ ኖሮት ስናገኘው ደስ ይለናል። ስለ ቅጠል ዘላዮች ማንበብ የጀመርነውም ከዚሁ ጠባያችን የተነሣ ነው፤ ወደ ማሳው ያወረደን ምክንያት ግን ሌላ ነው፣ ወደ ኋላ እንነግረዋለን።

መጀመሪያ ዐይናችንን የከፈተው ከጎረቤት አፍሪካ የተሰማ ወሬ ነው። (የዓመቱን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።) በ2022 መጀመሪያ ላይ አልቪን ሄልደን የሚባሉ በእንግሊዝ አገር የአንግሊያ ራስኪን ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር ለመስክ ጥናት በሚመላለሱበት በምዕራብ ኡጋንዳ በኪባሌ ደን ውስጥ ለዕውቀት አዲስ የሆነች ቅጠል ዘላይ ማግኘታቸው ተነገረ። ርዝመቷ ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ቆዳዋ እንደ ብረት ያብረቀርቃል፤ ሰውነቷም በደቃቅ ጕድጓዶች የተወቀረ ነው። ስሟን ከደኑ ወስደው ፍሎጊስ ኪባሌንሲስ አሏት። ከዚያ በፊት የዚህች ወገን የሆነ ነፍሳት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1969 በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ነበር። ወገኑ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ሳይታይ ቆይቶ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ግን እሷ ቅጠሏ ላይ ነበረች፤ የጠፋውስ ተመልካቹ ነው።

አዲስ መሆኗ በምን ታወቀ? ብዙ ሰው በመልኳ ይመስለዋል። መልክ ግን በዚህ ነገር ውሸታም ምስክር ነው። አንዲቱ ቅጠል ዘላይ በሕፃንነቷ አንድ መልክ፣ በጕልምስናዋ ሌላ መልክ ይኖራታል፤ ደርቃ በስፒል ላይ ስትቀመጥም አረንጓዴዋ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሁለት ፈጽመው የተለያዩ ዝርያዎችም አንድ መልክ ይዘው እንደ መንታ ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ የሚታመነው የአካሏ ሥራ ነው።

ከአንድ ወዳጃችን የተዋስነውን አጉሊ መነጽር ይዘን ካየነው እንጀምር። ራሷ ሰፊና አጭር ነው፤ በግራና በቀኝ ትልልቅ ዐይኖች አሏት። ከእነዚህ ሌላ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ሁለት ነጠላ ዐይኖች ይገኛሉ። እነዚህ ሁለት ነጥቦች በዐናቷ ላይ፣ ወይም በግንባሯ ጠርዝ ላይ፣ ወይም ዝቅ ብሎ በፊቷ ላይ መሆናቸው ለሊቃውንቱ ታላቅ ነገር ነው፤ በዚህ ብቻ አንዱን ነገድ ከሌላው ይለያሉ። ቀንዶቿ በዐይኖቿ መካከል የበቀሉ፣ ጫፋቸው እንደ ጠጕር የቀጠነ ነው። ከአገጯ ሥር ወደ ኋላ የታጠፈው አፏ ሰገባ ይመስላል፤ በሰገባው ውስጥ አራት ቀጫጭን መርፌዎች ተከተዋል። የውጭዎቹ ሁለቱ የቅጠሉን ቆዳ ይወጋሉ። የውስጦቹ ሁለቱ ደግሞ እርስ በርሳቸው ተገጥመው ሁለት ቦይ ይሠራሉ፤ በአንደኛው ቦይ የተክሉ ፈሳሽ ወደ ላይ ይወጣል፣ በሁለተኛው ምራቋ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ሁለተኛውን ቦይ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ የገበሬው ጕዳት የሚመጣው በዚያ ነው።

ከራሷ ቀጥሎ ትከሻዋን የሚሸፍን እንደ ለምድ ያለ ጋሻ አለ፤ ከእርሱም በስተኋላ ሦስት ማእዘን ያለው ትንሽ ሰሌዳ ይታያል። ክንፎቿ በጎጆ ቤት ክዳን አምሳል በጀርባዋ ላይ ግራና ቀኝ ተዳፍተው ይቀመጣሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የኋላ እግሯ ቅልጥም ነው፤ ከላይ እስከ ታች በረድፍ በረድፍ እሾህ ተተክሎበታል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሚዶ ነው እንጂ እግር አይመስልም። ቅጠል ዘላይን ከሌሎች ዘላይ ዘመዶቿ ለመለየት የሚፈልግ ተማሪ መጀመሪያ ይህን ሚዶ ይፈልግ።

ሚዶውም ያለ ሥራ አልተሰጣትም። ብዙዎቹ ቅጠል ዘላዮች በሆዳቸው ውስጥ የኩላሊትን ሥራ በሚሠሩት ቀጫጭን ቱቦዎች አማካይነት እጅግ ደቃቅ ዱቄት ያመነጫሉ፤ ያንንም በእግራቸው እያነሡ መላ ሰውነታቸውን ይቀባሉ። የዱቄቱ ቅንጣት በተራ ማይክሮስኮፕ መልኩ አይለይም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ እያንዳንዱ ቅንጣት ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ላዩ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ኳስ ሆኖ ተገኘ፤ ብሮኮሶም ተባለ። ውኃም ሆነ የራሷ የሚጣበቅ ፈሳሽ ገላዋን አይነካውም። አንዲት ወይዘሮ ፀጕሯን በቅቤ አዋድዳ በሚዶ ስታበጥር ያየ የወሎ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ስለ ዘፈኗም ጥቂት እንበል፤ ዝም ያለች መስላ ብዙ ሰው ያታልላልና። ስዊድናዊው ኦሲያኒልሶን በ1949 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ እነዚህ ነፍሳት ከሆዳቸው ሥር ባለ ትንሽ ከበሮ ይጠራራሉ። ድምፁ የሚሄደው በአየር ሳይሆን በተክሉ አገዳ ውስጥ ነው። ወንዱ አንዱ ቅጠል ላይ ሆኖ ይመታል፤ ሴቲቱ ሌላው ቅጠል ላይ ሆና በእግሯ ትሰማለች። እኛ በአምባሰል አገር የምንኖር ሰዎች በየማሳችን እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲደራ ሳንሰማው ማለፋችን ያስቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ስንደርስ አንባቢ እንዲታገሠን እንለምናለን። የዝርያው ልዩነት ቍርጥ ሆኖ የሚታወቀው በተባዕቱ የመራቢያ አካል ነው። ሊቁ የሞተውን ወንድ ሆድ ከጫፉ ቈርጦ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ያሞቀዋል፤ ሥጋው ሁሉ ሟሙቶ ጠንካራው ቅርፊት ብቻ ይቀራል። ያንን አጥቦ በግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ ይከተውና በማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን መርፌ እያገላበጠ ከጎንና ከላይ ይስለዋል። በዚያ አፈር በምታህል ነገር ውስጥ መንጠቆ፣ ቀንድ፣ ጦርና ማንኪያ የመሰሉ አካላት ይገኛሉ፤ በእያንዳንዱም ዝርያ ቅርጻቸው የተለየ ነው። የኪባሌዋ ቅጠል ዘላይ የታወቀችው ይህ የተባዕቱ አካል በከፊል ቅጠል መስሎ በመገኘቱ ጭምር ነው። የቀድሞ ሊቃውንት ነገሩን በቍልፍና በጓጕንቸር ይመስሉት ነበር፤ ዛሬ ያ ምሳሌ ለሁሉም እንደማይሠራ ታውቋል፤ የቅርጹ ምስክርነት ግን እንደ ጸና ነው። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ፣ ሴቲቱ ብቻዋን ከተያዘች አብዛኛውን ጊዜ ስም ለመስጠት ያስቸግራል።

እንግዲህ ወደ ማሳው ያወረደንን ነገር እንናገር። በሀብሩ የሚኖሩ አንድ አጎት አሉን፤ በመስኖ ዳር አንድ ጥማድ በቆሎ ነበራቸው። በአንድ ዓመት ቅጠሉ ነጣ ነጣ ያለ ሰረዝ እያወጣ ይገረጣ ጀመር። አጎታችን ቅጠሉን ሲያገላብጡ ከሥሩ እነዚያን ዘላዮች አዩ። ወዲያውም አንድ ነጋዴ በጠርሙስ የተሞላ መድኃኒት አሳይቶ፣ ይህ ካልተረጨ ማሳው ያልቃል አላቸው። ዋጋውን ለመክፈል አንዲት ጠቦት ለገበያ ተለይታ ከደጅ ታሰረች። ለሌላ ጕዳይ ብንሄድ ቅጠሉን በእጃቸው ይዘው ጠበቁን።

«ልጄ፣ አንተ ወረቀት ታነባለህ» አሉን። «ይችን ተመልከትልኝ። ማሳዬን የምትገድልብኝ እሷ ናት ወይስ አይደለችም?»

«አያ፣ አንቱ ጠቦቷን እስከ ማክሰኞ ይያዟት» ከማለት በቀር የሰጠነው መልስ አልነበረም።

ጥያቄያቸው ከንቱ አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ ናታል ውስጥ ክላውድ ፉለር የበቆሎን ሰረዝ በሽታ በ1901 ገልጸውታል፤ ከምን እንደሚመጣ ግን አልታወቀም ነበር። በ1925 ስቶሬይ የተባሉት ሊቅ በሽታውን ከተክል ወደ ተክል የምታመላልሰው ትንሽ ቅጠል ዘላይ መሆኗን አሳዩ፤ ሲካዱሊና ምቢላ ትባላለች። የታመመውን ቅጠል ስትመጥ ቫይረሱ በመጀመሪያው ቦይ ይወጣል፤ ሰውነቷን ዞሮ ከምራቋ ጋር በሁለተኛው ቦይ ወደ ጤነኛው ቅጠል ይወርዳል። ስቶሬይ ከዚያ በኋላ ያገኙት ይብሱን የሚያስደንቅ ነው። ከዚያችው ዝርያ አንዳንዶቹ ቫይረሱን ቢመጡትም ማስተላለፍ አይችሉም፤ ይህም ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚወረስ በ1932 አስረዱ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ የማይችሉትን ወስደው አንጀታቸውን በረቂቅ መርፌ ቢወጉት ማስተላለፍ የሚችሉ ሆኑ። በሽታውን ያገደው የአንጀቷ ግድግዳ ነበረ ማለት ነው። እንግዲህ «እሷ ናት ወይስ አይደለችም» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በቤተ ሰብ ስም የሚያበቃ አይደለም፤ ወገኗና ዝርያዋ፣ አንዳንድ ጊዜም የአንጀቷ ጠባይ መታወቅ አለበት።

አምስቱን ይዘን በብልቃጥ አድርገን ለአንድ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ወሰድንላቸው። አምስቱም ሴቶች ሆነው ተገኙ፤ ባለሙያውም ወንድ አምጡ አሉን። ማታ በነጭ አቡጀዲ ላይ የመብራት ብርሃን አሳርፈን ስንጠባበቅ ብዙዎች መጡ፤ ከእነርሱም ሦስት ወንዶች ተገኙ። ባለሙያው መጀመሪያ ያዩት ዐናታቸውን ነው። በሲካዱሊና ዐናት ላይ ሁለት ክብ ጥቋቍር ነጥቦች አሉ፤ በእኛዎቹ ላይ አልነበሩም። ከዚያ ሆዳቸውን አሙቀው አዩ። የመንጠቆው ቅርጽ ከሰረዝ በሽታ አመላላሾቹ ጋር አይገጥምም። ወደ ቅጠሉም ተመለሱ። የቫይረሱ ሰረዝ ቀጭንና የተቈራረጠ ሆኖ የቅጠሉን ጅማት ይከተላል፤ በአጎታችን በቆሎ ላይ ያለው ግን ሰፊ፣ ከቅጠሉ መነሻ አጠገብ በአከርካሪው ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነበር። «ይህ አፈሩ ዚንክ ሲያንሰው የሚታይ ምልክት ነው» አሉ። «በዚህ ማሳ ላይ የምታዩት ነፍሳት ጥቂት ትመጥ እንደ ሆነ ነው እንጂ ሕመሙስ ከመሬቱ ነው።»

ለአጎታችን ይህን ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ። ጠቦቷንም ከታሰረችበት ፈትተው ከመንጋው ቀላቀሏት።

«ታዲያ የእሷ ስም ማን ነው?» አሉ።

ወገኗን ባለሙያው ገምተዋል፤ ዝርያዋን ግን ከዋናው ጋር ሳያስተያዩ መናገር አይቻልም አልናቸው።

«በስሟ ሳትጠራ፣ ሳትጠየቅ፣ ልትገደል ነበር በለኛ!»

ይህ ንግግራቸው በመዝገብ ቤት ጠረጴዛችን ላይ ብዙ ቀን ሲመላለስብን ሰነበተ። «ዋናው» ያልነው ነገር ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። አንድ ሊቅ አዲስ ዝርያ ሲገልጽ ከያዛቸው ውስጥ አንዲቱን ይመርጥና ስሙ በእርሷ ላይ ይጸናል፤ ሆሎታይፕ ይሏታል። በእኛ ቋንቋ የስሙ ዋስ ብንላት የሚስማማ ይመስለናል፤ ከእርሷ ጋር የተያዙት ሌሎቹ እማኞች ይሆናሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ ክርክር ቢነሣ ዳኛው ወደ ጽሑፉ ብቻ አይመለከትም፤ ዋሲቱን ከሣጥኗ አውጥቶ መንጠቆዋን ያያል። የአፍሪካ ነፍሳት ዋሶች ብዙዎቹ ያሉት በአውሮፓ ሙዚየሞች ነው። በ1968 ሄለርና ፊንላንዳዊው ሊናቩኦሪ ስለ ኢትዮጵያ ቅጠል ዘላዮች በጀርመንኛ የጻፉት ጥናት የታተመው በሽቱትጋርት የተፈጥሮ ጥናት መጽሔት ነው። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ የሀብሩ ገበሬ ጠቦቱን አስሮ መልስ በሚጠብቅበት ጊዜ ግን ሽቱትጋርት ሩቅ ነው።

እዚህ ላይ ለተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ሊናቩኦሪ በ1970ዎቹ የጻፏቸው ታላላቅ ጥናቶች በአንዳንዶቹ ርእስ ላይ «የኢትዮጵያ ክልል» የሚል ቃል አለ። ይህ አገራችንን ብቻ ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ስክሌተር በ1858 ዓለምን በአዕዋፍ ዐይነት ሲከፍሉ ከሰሐራ በታች ያለውን አፍሪካ በኢትዮጵያ ስም ጠርተውት ነበርና፣ ሊቃውንቱ ከመቶ ዓመት በላይ በዚሁ ስም ሲሠሩ ኖረዋል፤ ዛሬ አፍሮትሮፒካል ይሉታል። ስለዚህ በዚያ ርእስ ሥር የኮንጎና የሱዳን ነፍሳት ቢገኙ አያስገርምም። አገራችን ስሟን ለአህጉር አበድራ፣ የራሷን ነፍሳት በስም ሳትቆጥር መቆየቷን ግን ልብ ሳንል አናልፍም።

የአገራችን ቃል ለሳይንስ መጽሐፍ አይበቃም የሚል ሰው ቢኖር ጭላዳን ይጠይቅ። ጀርመናዊው ሩፔል በ1835 ዝንጀሮዋን ከነአገር ስሟ ጌላዳ፣ የስሜኑንም ፍየል ዋልያ ብለው በሳይንስ መጽሐፍ አስገብተዋቸዋል። ጤፍም ከ1775 ጀምሮ በስሙ ይጠራል። የበቆሎዋ ቅጠል ዘላይ ምቢላ እንኳ ስሟ የዙሉዎችን ቃል ያስታውሳል፤ እነርሱ በቆሎን ኡምቢላ ይሉታል። የሚጐድለን በአካሏ ላይ ያሉትን ክፍሎች የምንጠራበት ቃል ነው። ጭን፣ ቅልጥም፣ ግንባር፣ ዐናት አሉን፤ እነዚህን ከበሬው ወስደን ለነፍሳቲቱ ማዋስ እንችላለን። ለአፏ መርፌና ሰገባ፣ ለእግሯ ሚዶ ብለናል። ለተባዕቱ መንጠቆ ግን አሁንም ስንፈልግ ነን። መምህራን በዚህ ነገር ቢያስቡበት ሸክማችን ይቀልልናል።

ከሦስቱ ወንዶች ባለሙያው አንዱን ወስደዋል፤ ሁለቱ ከእኛ ዘንድ ናቸው። ሦስት ማእዘን ሆኖ በተቈረጠ ወፍራም ወረቀት ጫፍ ላይ በጎናቸው አጣብቀን፣ ወረቀቱን በስፒል ሰክተን በክብሪት ቤት ውስጥ አቁመናቸዋል፤ ተባይ እንዳይበላቸው የናፍታሊን እንክብል ጨምረንበታል። ከእያንዳንዱ ሥር እንደ ደንቡ ትንሽ ጽሑፍ አለ፦ ኢትዮጵያ፣ ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ፣ ከመርሳ አጠገብ፣ በመስኖ በቆሎ ማሳ ዳር፣ በመብራት የተያዘ፤ ቀኑና የያዘው ሰው። ይህ የመጀመሪያው ጽሑፍ ስም አይጻፍበትም፤ ስም የሚጻፍበት ሁለተኛ ወረቀት ከሥሩ ለብቻው ይሰካል፤ ይኸውም መርምሮ ስም የሰጠው ሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። ሁለተኛውን ወረቀት ቈርጠን በስፒሉ ላይ ሰክተነዋል፤ እስካሁን ምንም አልተጻፈበትም።